አራስ ቤት የሚያንኳኳው ቧንቧ

ሸዋ ሮቢት በተመደብኩ ሰሞን ሁለት ነገር ብቻ ነበር የምችለው፤ ማዋለድና ማማረር። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሐዋሳ የሐይቅ ነፋስ ለምጄ ስላደግሁ የይፋት ቆላ ሙቀት ገና ከመኪና ስወርድ ነው ጉሮሮዬን አንቆ የያዘኝ። ላቤ ትራሴን ሲያርሰው፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቀጥ ሲል፣ የማስበው ዝውውር የምጠይቅበትን ቀን ነበር። እናንተም በእኔ ቦታ ብትሆኑ ሌላ አታስቡም፤ አትፍረዱብኝ።

የተከራየሁት እትዬ ዘይነባ ቤት ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በደሴ መስመር ለሚመላለሱ ሾፌሮች አልቤርጎ እንዲሆን ያሠሩት አሮጌ ፎቅ ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ አልቤርጎነቱ ቀረና እኛ ደመወዝተኞች እየተከራየን ገባንበት። ላይኛው ፎቅ ላይ እኔና ሁለት አስተማሪዎች እንኖራለን። ታች እትዬ ዘይነባ፣ ከእሳቸው ጎን ደግሞ ልጃቸው ሰይድና ሚስቱ ሉባባ። ሰይድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚገኘው።

የከተማው ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱ ግን አይታወቅም። ስለዚህ የግቢው ሰው ሁሉ ዘዴ አንድ ነበር፤ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ሥሩ ጄሪካን ደቅኖ ወደ ሥራው መሄድ። ውሃው ሲመጣ ድምፁ ራሱ ይጠራናል። ከመጥራቱ በፊት ግን ቤቱን ጉድ ያደርገዋል። መጀመሪያ ከመሬት ሥር የሆነ ነገር ያጉረመርማል። ከዚያ ቧንቧዎቹ ይስላሉ፣ ያስነጥሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ግድግዳውን በመዶሻ የሚደበድብ ሰው ያለ ይመስል ድም ድም ድም ይላል። አስተማሪዎቹ «የእትዬ ዘይነባ ባንድ ገባ» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም ለምጄው ባንዱን ስሰማ ጄሪካኔ ሞልቶ እንዳይፈስ ብቻ ነበር የምሮጠው።

ሉባባ ግን አልለመደችውም። የአጣዬ ልጅ ናት። በዚያ ክፉ ጊዜ ቤታቸው ሲቃጠል እናቷ እጇን ይዘው በእግራቸው ነው ያመለጡት። ከዚያ ወዲህ የአጣዬን ስም ስትሰማ እንኳ ዝም ትላለች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ እሷ ግን «አጣዬ ሄጄ አልወልድም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ስለዚህ እናቷ እማማ ከድጃ ለአራስ የሚሆነውን ሁሉ ጠቅልለው ራሳቸው ሮቢት መጡ። ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ፣ ያውም ጤና ጣቢያውን በጩኸት የሚያናጋ።

ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ጡቷ ሞልቶ፣ ፊቷ ወዝቶ ነበር። ቤት ከገባች በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ውሃ በመጣ ቁጥር ልጁን አቅፋ ጥግ ትይዛለች፣ ትንቀጠቀጣለች፤ ያን ቀን ጡቷን ቢስበው ጠብ የሚል ነገር የለም። እህል አልበላ አላት፤ ልጁ ማታ ማታ ይነጫነጫል። አንድ ሐሙስ ልጁን ልመዝን ወደ ክፍሏ ስገባ ካለፈው ቀንሶ አገኘሁት። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው። ይሄኛው ግን መልሶ የሚጨምርበት ጊዜ አልፎት ነበር።

እማማ ከድጃ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብለው ዕቃ ያስራሉ።

«ወዴት ነው እማማ?» አልኳቸው።

«ደብረ ሲና፣ እህቴ ዘንድ። ነገ ጠዋት መኪና ይመጣልናል፣ ኢንሻአላህ።»

«በዚያ ብርድ? ልጁ እኮ ክብደቱ እየወረደ ነው። እኔ በየቀኑ ማየት አለብኝ።»

«ለብርዱስ እናለብሰዋለን። ለድንጋጤው ምን ላልብሰው ልጄ?»

እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ይህን የልጅ ልጅ ስንት ዓመት በዱዓ እንደጠበቁት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ሳልጠግበው ሊወስዱብኝ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «እንዳልከለክላቸው ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ አያታለሁ። እንዳልፈቅድላቸው... እንዴት አድርጌ ልፍቀድ?»

ሉባባ አጠገብ ቁጭ አልኩ። «ቧንቧ እኮ ነው ሉባባዬ፤ አይዞሽ፣ አትፍሪ» አልኳት።

ልጅን እንደሚያባብሉት ፈገግ አለችልኝ። «ቧንቧ መሆኑን አውቃለሁ ሲስተር። ጭንቅላቴ ያውቀዋል። ግን እዚህ ጋ ነው የሚመታው» አለችና ከራስጌዋ ያለውን ግድግዳ ነካች። «በር የሚደበድቡ ነው የሚመስለኝ። ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ደግሞ ሳላስበው ነው የሚመጣው።»

እኔ ነገር ሲገባኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «ምን ቤት ነሽ?» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ያን ቀን ሐሙስ፣ የውሃ ቀን ነው። መኪናው የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ካልተደረገ ልጁና እናቱ ዳገቱን ወጥተው ከዓይኔ ሊርቁ ነው። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ መናኸሪያው ወጣሁ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ጋሽ አበጋዝ የሚባሉ የቧንቧ ሠራተኛ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲቆርጡና ሲቀጠቅጡ ኖረው ጆሯቸው ደንቁሯል፤ እሳቸውም እየጮኹ ነው የሚያወሩት። ጉዳዬን ጆሯቸው ሥር ገብቼ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለሚያፈስ ጥሪኝ፣ እመጣለሁ። ለተዘጋም ጥሪኝ» አሉኝ። «ለጩኸት ግን ጆሮ ያለው ፈልጊ። ያልሰማሁትን ነገር እንዴት እጠግናለሁ?»

«ጆሮ እኔ አለኝ» አልኩና ከቦርሳዬ ፌቶስኮፔን አወጣሁ። ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ደቅነን የጽንስ ልብ የምናዳምጥባት፣ ጥሩምባ የመሰለች የእንጨት ዕቃ ናት። ስመረቅ የገዛኋት የራሴ ናት። ጋሽ አበጋዝ ተቀብለው አገላበጧት፣ ቀዳዳዋን በአንድ ዓይናቸው አዩባት። ምን እንደሆነች ነገርኳቸው።

«ቧንቧ አርግዞ አያውቅም እንጂ» አሉና ሳቁ፤ ጎረቤት ያለው ጎማ ጠጋኝ ሳይቀር ዞሮ አየን። «በይ እንሂድ። አንቺ ትሰሚያለሽ፣ እኔ በእጄ እነካለሁ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው አናጣም።»

በባጃጅ ግቢ ደረስን። ጋሽ አበጋዝ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቆጣሪው ነው። አጠገቡ ያለው የውሃ መዝጊያ ባለቤትየው ከሞቱ ወዲህ የነካው ስለሌለ ዝጎ ነበር፤ ዘይት አጠጥተው፣ ቢስሚላህም በስመ አብም ብለው አንቀሳቀሱት። ከዚያ በየክፍሉ እየዞሩ ቧንቧዎቹን አዩ። የእትዬ ዘይነባ ተከፍቷል። የአስተማሪዎቹ ተከፍቷል። የእኔም ተከፍቷል፣ ጄሪካኔ ሥሩ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ሳቃቸው ከክፍል ክፍል እየጨመረ ሄደ።

«ይሄ ሁሉ አፍ ተከፍቶ ነው እንዴ ቤቱ ጮኸ የምትሉት?» አሉ። «ውሃው ሲሄድ ቧንቧው ባዶውን አይቀርም። በከፈታችሁለት በኩል አየር ይሞላዋል። ውሃው በኃይል ሲመለስ አየሩ በየአፉ ለመውጣት እየተጋፋ ይራገጣል። በሉ ዝጉ፣ ሁሉም ይዘጋ። ከላይ መጨረሻ ያለው ብቻ ይከፈት፣ አየሩ በዚያ ይውጣ። የቆጣሪውንም ጥቂት ብቻ ነው የምከፍተው፣ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲገባ።»

እዚህ ላይ ግቢው ተነሳ። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ከተዘጋ መምጣቱን ማን ይነግረናል? ተኝተን ቢያልፈንስ?» አንደኛው አስተማሪ ባለፈው አምልጦት ፊቱን በሃይላንድ ውሃ እንደታጠበ አስታወሰን። ሌላው ደግሞ «ዛሬ ካመለጠን ሲስተር ከሮቢ ወንዝ ተሸክማ ታመጣልናለች» አለ። የሮቢትን ሰው ቧንቧህን ዝጋ ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

«ለዛሬ ብቻ» ብዬ ለመንኳቸው። «ለዛሬ ብቻ ሞክሩልኝ። ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል።»

እትዬ ዘይነባ ወደ ሉባባ ክፍል በር አዩ። ገብተው የራሳቸውን ቧንቧ ዘጉ። ከዚያ ትልቁን ሳፋቸውን ተሸክመው ፎቅ ወጡና በረንዳው ጫፍ ካለው ቧንቧ ሥር ደቀኑት። «እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አሉ። አስተማሪዎቹም እያጉረመረሙ ዘጉ።

መጠበቁ ረዘመ። ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ጋር ተማክራ ነው መሰለኝ ታቃጥለን ጀመር። ጋሽ አበጋዝ ግድግዳ ተደግፈው አንቀላፉ። እትዬ ዘይነባ የከሰዓቱን የአስር ሰላት እዚያው በረንዳው ላይ ሰገዱ፣ ዓይናቸው ግን ከሳፋው ብዙ የራቀ አይመስለኝም። እኔ ደረጃውን ስወጣና ስወርድ ዋልኩ። በሉባባ በር ባለፍኩ ቁጥር የሚታሰር ዕቃ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ።

በመጨረሻ የላይኛው ቧንቧ መተንፈስ ጀመረ። ረጅም፣ ዝግ ያለ ትንፋሽ ነበር። ጥቂት ተፋ፣ እንደገና ተነፈሰ፣ ከዚያ ውሃው ቀጭን ሆኖ ሳፋው ላይ ወረደ። መሬቱ አላጉረመረመም። ድም ድም የሚል ነገር የለም። ባንዱ ቀረ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ዘይነባ። አስተማሪዎቹ ጄሪካናቸውን ለመሙላት ሮጡ። እኔ ደስታዬን አጣጥሜ ሳልጨርስ ከታች ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ፤ ተከትሎት የሕፃኑ ለቅሶ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሉባባ ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። እማማ ከድጃ ከላይዋ ቆመዋል። «አላልኩም? ይህ ቤት አይሆናትም። አየሽ ሲስተር?» አሉኝ። ንዴት አልነበረባቸውም፣ ደክሟቸው ነበር። እኔም ልቤ ተሰበረ። ቢሆንም የቅድሙ ሁካታ ጠፍቶ ይህኛው ብቻ መቅረቱ አንድ ነገር ጠቆመኝ፤ ይሄ ሌላ ነው፣ ያለውም እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው።

ጋሽ አበጋዝን ጠራኋቸው። እማማ ከድጃ ሉባባን በሻሽ ሸፋፈኗት፤ እሳቸውም አክብሮታቸውን አልረሱም፣ በሩ ላይ ቆመው ሳል ካሉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ገቡ። ወደ ፎቅ የሚወጣው የብረት ቧንቧ የሚያልፈው በዚያ ክፍል ጥግ ነው። አንደኛውን አስተማሪ ቧንቧውን እየከፈተ ድንገት እንዲዘጋ አደረግሁት፤ ትእዛዜን ከበረንዳው ላይ ሆነው የሚያቀብሉት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ፌቶስኮፔን ቧንቧው ላይ ደቅኜ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

እግር ሥር ሩቅ ነው። ወገብ ላይ ቀረብ አለ። ወንበር ላይ ስወጣ ጠነከረ። ጋሽ አበጋዝ መዳፋቸውን ከእኔ በላይ አሳረፉ። «እዚህ ይዘላል» አሉ። «አልተያዘም። ውሃው ሲገታ ይዘልና ግድግዳውን ይመታል።» የአልጋውን አጎበር ገለጥኩ። ቧንቧውን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ብረት በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። ሚስማሩ የለም። የአጎበሩ አንድ ገመድ ቧንቧው ላይ ታስሯል፤ ሌላው ገመድ ደግሞ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ ባለ ወፍራም የዛገ ሚስማር ተወጥሯል።

«ይህን ማነው የነቀለው?» አሉ ጋሽ አበጋዝ፣ በዚያ መናኸሪያ በሚያዳርስ ድምፃቸው።

እኔ ገባኝ። እማማ ከድጃ የመጡ ዕለት ነው አጎበሩ የተሰቀለው፤ እኔም አይቼ «እንዲህ ነው እንጂ አጎበር መስቀል» ብዬ አድንቄ ነበር። ጋሽ አበጋዝን ምን ብዬ ዝም እንደማሰኛቸው ሳስብ እማማ ከድጃ ያሰሩት ዕቃ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አጎበሩ እየረገበ ልጁ ፊት ላይ ሊያርፍ ሆነ። ሚስማር ብፈልግ አጣሁ። ያን ብረት ሳየው ሥራ የፈታ መሰለኝና በዘነዘና መትቼ ሚስማሩን ነቀልኩት። ወባ እንዳይነካብኝ ብዬ።» ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። «ያ ረቢ። ይህን ሁሉ ያስደነገጥኩሽ እኔው ነኝ?»

ከሻሹ ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁና የምታለቅስ መሰለኝ። ሉባባ እየሳቀች ነበር።

«እማዬ» አለች። «ከእሳት አውጥተሽ ያመጣሽኝን ለትንኝ አልሰጥም ብለሽ እኮ ነው።»

እማማ ከድጃ መጀመሪያ እንባቸው መጣ፣ ሳቁ ደግሞ እንባው ላይ ደረሰበት። እኔም ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ሳቅኩ። ጋሽ አበጋዝ አንድ በአንድ እያዩን «ምንድን ነው? ምን አሉ?» ሲሉ ጆሯቸው ላይ ሆኜ ነገርኳቸው። በቁም ነገር አሰቡበት። «ደግ አድርገዋል። ወባ ከቧንቧ ትብሳለች» ብለው ፈረዱ።

ብረቱን ወደ ቦታው መለሱት። በብረቱና በቧንቧው መካከል ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ጎዘጎዙለት፤ ለአጎበሩም የራሱ ማንጠልጠያ ተሠራለት። ከላይ ቧንቧው ሲከፈትና ሲዘጋ አሁን የሚሰማው ድክም ያለ ጠቅታ ብቻ ነው።

ለመውጣት ስሰናዳ ሉባባ እጄን ያዘችኝ። «እስቲ እኔም ልስማው» አለች። «ሆዴ ላይ ደቅነሽ ልጄን ስትሰሚው እኔ እቀናብሽ ነበር።»

ፌቶስኮፗን ሰጠኋት። ልጁን ለአያቱ አቀብላ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ ዘይነባን ቧንቧውን አስከፍቼ አስዘጋሁ። ሉባባ እጇን አነሳች። «ይሄዳል... ይሄዳል... አሁን ሊመታ ነው» አለች። ወዲያው ጠቅ አለ። ትከሻዋን ዓይኔ ሥር አድርጌ እያየሁ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። እንደገና አስደገመችኝ፣ ከዚያም ደጋግማ። በመጨረሻ ጆሮዋን አንስታ «ዛሬ ቀደምኩት» አለችኝ።

ያን ማታ ጠጣ። ልጁን ማለቴ ነው። ዋጥ ዋጥ ሲያደርግ የጉሮሮውን ድምፅ ሰማሁ፤ ለእኔ ሙያ ከዚያ የሚበልጥ ዘፈን የለም። በማግስቱ መኪናው በቀጠሮው መጣ። እማማ ከድጃ ወጥተው አንድ ከረጢት የሮቢት ሽንኩርት አስጫኑበትና «ለእህቴ አድርስልኝ፤ አራሷ ቀርታለች በላት» ብለው ሸኙት። ሾፌሩ ግራ እንደገባው ዳገቱን ወጣ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ሚስማር ነው ወይ ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፣ እኔም እስቃለሁ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ የፈራን ሰው «አትፍሪ» ማለት ትቻለሁ። ሉባባን ያዳናት ቧንቧው ዝም ማለቱ ብቻ አልነበረም፤ ሲመጣ መስማቷ ነው። አሁን ምጥ ላይ ያለች ሴት ስትጨነቅብኝ ምን እንደሚመጣ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ሲመጣ ምን እንደሚመስል እነግራታለሁ። አራስ ልጠይቅ ስሄድም የቤቱን ኮሽታ አዳምጣለሁ። ዝውውሩንም ተውኩት። ሙቀቱን ማማረር ግን አልተውኩም፣ እሱ መብቴ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ያን ሰሞን አስተማሪዎቹ የእትዬ ዘይነባን ጥያቄ መልሰው አነሱት። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ከዋለ ውሃ መምጣቱን ማን ይነግረናል? እኛ ስንከራከር ሉባባ ከክፍሏ ሆና ሰማችን። «እኔ እነግራችኋለሁ» አለች።

ፌቶስኮፗን ተውኩላት፤ እኔ ሌላ ገዛሁ። ዛሬ ልጁ ቆሞ ይሄዳል፣ እማማ ከድጃም በሰበብ አስባቡ ከአጣዬ እየመጡ ይከርማሉ። የውሃ ቀን ሲሆን ሉባባ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ጣል ታደርግና ትቆያለች። ከዚያ የብረት ማንኪያ አንስታ ቧንቧውን ትመታለች፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ድምፁ በብረቱ ወጥቶ የሁላችንንም ግድግዳ ያንኳኳል። እኛም ጄሪካናችንን ይዘን እንወጣለን።